«ገባኝ» እያልኩ ስምንት ወር ሞላኝ

ጥያቄ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። ሰው ወደ እናንተ የሚጽፈው ስለ ትዳር፣ ስለ ውርስ፣ ስለ አማት ነው። የእኔ ጉዳይ ጊታር ነው። እንዳትስቁብኝ።

38 ዓመቴ ነው። ባንክ እሠራለሁ፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው። ለትልቁ ልጄ የገዛሁለት ጊታር አልጋ ሥር አቧራ ሲጠጣ ሳየው አንጀቴ አልችል አለና «ለምን እኔ አልማርበትም?» አልኩ። ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ የጎረቤቶቻችን ልጅ አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ጊታር ሲጫወት ጣቱ አይታይም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየወረደ ሊያስተምረኝ እሺ አለ። ክፍያ ሳነሳበት «እትዬ ደግሞ! ከአንቺ ብር ልቀበል?» ብሎ አፈረ። ስለዚህ እኔ ምሳ አበላዋለሁ፣ እሱ ያስተምረኛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። በነጥብ የተሞሉ ትንንሽ ሣጥኖች አሉት። 12 ኪ አለ፤ እያንዳንዱ ኪ ደግሞ የጊታሩ አንገት ላይ 5 ቦታ አለው። «እትዬ፣ ይቺን ከያዝሽ የማትጫወቺው ዘፈን አይኖርም» አለኝ። ስደምረው 60 ሣጥን ነው። ከላይ ጀምሬ በተራ እስካሁን 14 ሣጥን ይዣለሁ። አስልቼዋለሁ፤ በዚህ አካሄድ ገና 26 ወር ይቀረኛል።

ሒሳቡ ግን አይደለም ያስቸገረኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ገባሽ?» ይለኛል፤ «ገባኝ» እላለሁ። አልገባኝም። ኪ ማለት ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ስኬል ከኪ በምን እንደሚለይም አላውቅም። መጀመሪያ አካባቢ አፍሬ ዝም አልኩ። አሁን ስምንት ወር ሙሉ «ገባኝ» ስል ከርሜ በምን አፌ «ኪ ምንድን ነው?» ልበለው?

ጣቶቼ ግን ለምደውታል። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ሳላይ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ትንሹ ልጄ ቁጭ ብሎ ሲሰማኝ ቆየና «እማዬ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ።

እናቴ ያለችው ደሴ ነው። ለገና መጥታ ነበር። ምስር ስትለቅም ሁልጊዜ ትዝታ ታንጎራጉራለች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ያለ ድምፅ ነው። ጊታሩን አንሥቼ ልከተላት ሞከርኩ። አንዲት ድምፅ እንኳ አልገጠመልኝም። የማውቃቸውን ሣጥኖች ሁሉ ብሞክር ወይ ፍንክች። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና «ተይው ልጄ፣ በዚህ ዕድሜሽ ራስሽን አታድክሚ» አለችኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ለፋሲካ ትመለሳለች፤ ሁለት ወር ገደማ አለኝ። ምን ላድርግ? ልተወው? እየከፈልኩ ሌላ አስተማሪ ልያዝ? የልጁ እናት የቡና ጓደኛዬ ናት፤ «ልጄን ናቀችብኝ» ብትልስ? ወይስ ጥርሴን ነክሼ 60ውንም ልጨርስ?

«ገባኝ ባይዋ»፣ ከጎተራ

መልስ

እህቴ፣ አልሳቅኩብሽም። ትንሹ ልጅሽ ጋ ስደርስ ግን አላስቻለኝም። «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ሙዚቃ የሚያስተምር ሁሉ ግድግዳው ላይ ጽፎ መስቀል ያለበት ጥያቄ ነው።

እኔም ቤት ጊታር አለ። እጫወታለሁ ለማለት አፌን ይይዘኛል፤ እነካካለሁ እንበል። መማር የጀመርኩ ሰሞን አስተማሪያችን አንድ ዜማ ተጫወተና ሰው ፊት «ይሄ በየትኛው ኪ ነው?» አለኝ። ከፊደሎቹ ሁሉ ትዝ ያለኝ አንዱ ብቻ ነበር። «ጂ» አልኩ። ልክ ሆኖ አረፈው! ለአንድ ወር ያህል «ይሄ ልጅ ጆሮ አለው» እየተባልኩ፣ ደግሞ እንዳይጠይቀኝ እየጸለይኩ ከረምኩ። ስለዚህ «ገባኝ» ብሎ መዋል ምን ያህል እንደሚያደክም አውቀዋለሁ።

ከጊታሩ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መኝታ ቤት ያስገባሽ የቱ ነው? ድምፁ አለመግጠሙ ነው ወይስ «በዚህ ዕድሜሽ» የሚለው ቃል? ድምፁ ከሆነ መላ አለው፤ እንመጣበታለን። ቃሉ ከሆነ ግን እናትሽ ያኔ ያየችው ምን እንደነበር አስቢ። እሷ ያየችው ስኬል አይደለም። ልጇ ግንባሯን ቋጥራ፣ ትንፋሿን ይዛ ከእንጨት ጋር ስትታገል ነው። እናቶቻችን የሚወዱት ሰው ሲቸገር ሲያዩ «ተይው» ይላሉ። ውሃ የሞላ ጀሪካን ስታነሺ ብታገኝሽም እንዲሁ ነበር የምትልሽ። በችሎታሽ ላይ የተሰጠ ፍርድ አድርገሽ ባትይዢው ደስ ይለኛል። ደግሞ 38 ዓመት ትዝታ እየሰማሽ የኖርሽ ሰው ነሽ። ይሄ ቀላል ስንቅ እንዳይመስልሽ።

በይ እንግዲህ፣ ስምንት ወር ሙሉ ያፈርሽበትን ጥያቄ እኔ ልጠይቅልሽ። ኪ ምንድን ነው?

ጊታሩን ለጊዜው አስቀምጪው። የእናትሽን እንጉርጉሮ ራስሽ አንጎራጉሪው፤ የመጨረሻዋ ድምፅ ላይ ልትደርሺ ስትይ ቁረጪው። ምን ተሰማሽ? የሆነ ነገር ይጎድላል፣ አይደል? ደጃፍ ደርሰሽ ሳትገቢ የቀረሽ ያህል ነው። ጉሮሮሽ ሄዶ ሊያርፍባት የሚፈልጋት ያቺ ድምፅ ቤት ናት። ኪ ማለት በቃ የዚያች ቤት ስም ነው። ቤቷ ጂ ከሆነች «በጂ ነው የምትዘፍነው» ይባላል። ስኬል ደግሞ ከቤት ወጥተሽ እስክትመለሺ የምትረግጫቸው ድንጋዮች ናቸው። የትኛውን ትረግጫለሽ፣ የትኛውን ትዘያለሽ፣ ስኬሉ እሱ ነው።

ለገና የሆነውን አሁን መልሰሽ እዪው። እናትሽ ከራሷ ቤት ተነሥታ ታንጎራጉራለች። አንቺ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ካሉት 12 በሮች አንዱን ይዘሽ ታንኳኪያለሽ። የሷ በር የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ፈልጊ ያለሽ ሰው የለም። ጆሮሽ ምን አጠፋ?

በሩን መፈለግ ከባድ አይደለም። ያረፈችበትን ድምፅ «እእእ» ብለሽ ያዢ። ከዚያ ወፍራሙን ክር በአንድ ጣት እየተጫንሽ ፍሬት በፍሬት ሂጂ፤ ፍሬት የሚባሉት አንገቱን የሚከፋፍሉት ብረቶች ናቸው። አንድ ቦታ ላይ የአንቺ ድምፅና የክሩ ድምፅ ይገጥማሉ፤ ስትደርሺ ታውቂዋለሽ። የአንቺ ቀጭን የክሩ ወፍራም መሆኑ አይረብሽሽ። ወንድና ሴት አንድ መዝሙር አብረው ሲዘምሩም እንዲሁ ነው። ስሙን ለማወቅ ደግሞ ይቺን ያዢ፦ ወፍራሙ ክር ሳትጫኚው ኢ ነው፤ 1ኛው ፍሬት ኤፍ፣ 3ኛው ጂ፣ 5ኛው ኤ፣ 7ኛው ቢ፣ 8ኛው ሲ፣ 10ኛው ዲ፤ 12ኛው ላይ ተመልሶ ኢ ይሆናል። ከኢ እስከ ኤፍ፣ ከቢ እስከ ሲ አንድ አንድ ፍሬት ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁለት ሁለት ፍሬት ይራራቃሉ። ሻርፕና ፍላት የሚባሉት እነዚያ መሀል ላይ የቀሩት ናቸው። እስከ ፋሲካ ከዚህ በላይ ቲዎሪ አያስፈልግሽም።

አሁን እኔ የምወደው ቦታ ደረስን። ጊታሩን አንሺውና በስልክሽ ቲዩነር ቃኚው። ነፃ አፕ ሞልቷል። ይሄን እንዳትዘያት፤ ያልተቃኘ ጊታር ላይ የተቀመጠ ጀማሪ ጥፋቱ የሱ እየመሰለው ስንት ቀን ይታመማል። ከተቃኘ በኋላ ግራ እጅሽን አንሺና ስድስቱን ክሮች ሳትጫኚ አንድ በአንድ ንኪያቸው። ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። ኢ ሁለቴ ስለመጣች ድምፆቹ አምስት ናቸው ማለት ነው። እነሱን ከጂ ጀምረሽ ደርድሪያቸው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ።

ይሄ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ነው፤ ቅኝት በእኛ አገር ስኬል እንደማለት ነው። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። ጊታርን ወሎዬ አልሠራውም፤ ግን አልጋ ሥር አቧራ ሲጠጣ የከረመው ያ እንጨት ትዝታን በጂ ተሸክሞ ነው የተኛው። እኔ ይሄን ያወቅኩ ቀን ለሰው ሁሉ ስደውል አመሸሁ፤ አንዱም አልገረመውም።

ለመጫወት እንዲህ ጀምሪ። ወፍራሙ ክር ላይ 3ኛ ፍሬት፣ ጂ። ቀጣዩን ክር ሳትጫኚ፣ ኤ፤ እዚያው 2ኛ ፍሬት፣ ቢ። ቀጣዩን ሳትጫኚ፣ ዲ፤ እዚያው 2ኛ ፍሬት፣ ኢ። ቀጣዩን ሳትጫኚ ስትነኪው ተመልሰሽ ጂ ላይ ነሽ፣ ቤት። ወደ ላይ ብቻ አትሂጂ፤ ወደ ታችም ውረጂ፤ መሀል ላይም ተመላለሺ። ሁልጊዜ ግን ጂ ላይ እረፊ። ለልጅሽ ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ነው፤ ዘፈኑ የሚጀምረው ማረፊያ ሲኖረው ነው። አምስቱን ድምፆች ምንም ሳትቀይሪ ማረፊያሽን ወደ ኢ ብታዞሪው ደግሞ ስሜቱ ሁሉ ይለወጥብሻል። እሱን ባለሙያዎቹ ባቲ ማይነር ይሉታል። ድንጋዮቹ እነዚያው፣ ቤቱ ሌላ። ኪና ስኬልን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

የልጁን ወረቀት ግን እንዳትቀጅው። ውሸት የለበትም። የፈረንጆቹ ሜጀር ስኬል ሰባት ድምፅ አለው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ቲ የምንለው። ከሰባቱ ፋንና ቲን ስታወጪ የቀረው ትዝታ ሜጀር ነው። ጂ ላይ ከሆንሽ ሲንና ኤፍ ሻርፕን ዘለልሽ ማለት ነው። ጣቶችሽ ስምንት ወር የለመዱት መንገድ ላይ ሁለት ድንጋይ መዝለል ብቻ ነው የቀራቸው።

ስለ 60ው ደግሞ ልንገርሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ክራር የያዘ ሰው ከትዝታ ወደ አምባሰል ሊሄድ ሲል ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። ቅኝት የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከመቃኘት ነው። ፒያኖ ላይ ኪ ስትቀይሪ ነጩና ጥቁሩ ይቀያየርብሻል፤ ጣት አዲስ መንገድ ይለምዳል። ጊታር ላይ ግን ሁሉንም ድምፅ በጣትሽ የምትጫኚበትን ሣጥን እንዳለ ሁለት ፍሬት ብትገፊው ጂ የነበረው ኤ ይሆናል። ቅርጹ ያው፣ ጣቱ ያው። እንግዲህ የባንክ ሰው ነሽ፣ አንቺው አስቢው። ወረቀቱ 12 ሲባዛ በ5 አይደለም። 5 ቅርጽ ነው፤ 12 ቦታ ላይ የተለጠፈ። ከላይ ጀምሬ በተራ 14 ይዣለሁ ብለሻል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የአንድ ኪ ናቸው። የቀሩት ዘጠኙ እነዚያው አምስቱ ናቸው፣ አድራሻ ቀይረው። 26 ወር አይቀርሽም፤ ወረቀቱን ከጨረስሽው ቆይተሻል። ልጁ ይሄን ያልነገረሽ ተንኮል አስቦ አይደለም። ለሱ ግልጽ ከመሆኑ የተነሣ የሚነገር ነገር አልመሰለውም። ደግሞ «ገባኝ» እያልሽው ምን ያድርግ?

እናትሽ የምታንጎራጉረው ትዝታ ሜጀሩ ነው ማይነሩ? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም፤ ላታውቂውም ትችያለሽ። ሜጀሩ ፈገግ ያለ ትዝታ ነው፤ ማይነሩ የአንጀት ነው። ልዩነቱን እንድትሰሚው ቅድም ካሳየሁሽ ውስጥ ቢና ኢን፣ ሁለቱንም 2ኛ ፍሬት ላይ የነበሩትን፣ ወደ 1ኛው ፍሬት መልሻቸው። ሌላ ምንም አትንኪ። ቤቱ ውስጥ መብራት የደበዘዘ ያህል ነው። የእናትሽ ይሄኛው ከሆነ ግን ጂ ላይ አትቆዪ፤ ሳትጫኚ የምትነኪያቸው የቢና የኢ ክሮች ይረብሹሻል። ኤ ላይ ይቀልሻል። ከወፍራሙ ቀጥሎ ያለውን ክር ሳትጫኚ፣ ኤ፤ 2ኛ ፍሬት ቢ፣ 3ኛ ፍሬት ሲ። ቀጣዩ ክር ላይ 2ኛ ፍሬት ኢ፣ 3ኛ ፍሬት ኤፍ። ቀጣዩ ክር 2ኛ ፍሬት፣ ኤ፣ ቤት ገባሽ። ምናልባት ባቲ ወይም አምባሰል ሆኖ ቢገኝስ? ሁለቱም የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ከደሴ ለመጣች እናት አይገርምም። ያን ጊዜ ለልጁ አሰሚው፤ ይለይልሻል።

እንዴት ታሰሚዋለሽ? ዛሬ ማታ ደውዪላት። «ዝፈኚልኝ» እንዳትያት፤ ታፍራለች። «እማ፣ ያቺ ምስር ስትለቅሚ የምትያት እንዴት ነበረች? ጠፋችብኝ» በያት። ድምፅዋን ቅጂው። ከዚያ ቅድም ባልኩሽ መንገድ ቤቷን ፈልጊ። አንድ ነገር ግን አስታውሺ፤ መሣሪያ ሳይዝ የሚያንጎራጉር ሰው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አይነሣም። ዛሬ ኤ ላይ ያገኘሻት እናትሽ ለፋሲካ ሲ ላይ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የሷን ኪ አትሸምድጂ፤ መፈለጉን ልመጂ።

ሲገኝስ? እዚህ ላይ ካፖ የምትባል ትንሽ መቆንጠጫ ገላጋይ ናት። የጊታር ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ታገኚያታለሽ። አንገቱ ላይ ስትቆነጥጫት ክሮቹ ሁሉ እኩል ከፍ ይላሉ፤ የጂ ጣቶችሽ አይቀየሩም። ወፍራሙ ክር ላይ የእናትሽ ቤት ካለችበት ፍሬት 3 ቀንሺ፤ የቀረው ካፖዋ የምትቀመጥበት ነው። ቤቷ 5ኛው ላይ ከሆነች ካፖዋ 2ኛው ላይ። 8ኛው ላይ ከሆነች 5ኛው ላይ። ቤቷ ከ3ኛው በታች ከሆነች «እማ፣ ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ» ማለት ነው። ይሄ ለሜጀሩ ነው። ማይነሩን ኤ ላይ ከያዝሽ በ3 ፋንታ 5 ቀንሺ። ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ድምፅ በአንዴ መምታት፣ ካማረሽ በሜጀሩ ጂና ኢ ማይነር ይበቁሻል፤ ሁለቱም ከአምስቱ ድምፆች አይወጡም። ሲና ዲ ኮርዶች እያንዳንዳቸው ከአምስቱ ውጭ የሆነ አንድ እንግዳ ይዘው ስለሚመጡ ለጊዜው ተያቸው። በማይነሩ ኤ ማይነር ብቻውን ይበቃል።

ይሄን ሁሉ አድርገሽም አንዳንዴ የእናትሽ ድምፅና የጊታሩ ድምፅ ትክክል ላይገጥሙ ይችላሉ። አትደንግጪ። የጊታር ፍሬት ብረት ነው፣ ቦታው አይነቃነቅም። የሰው ጉሮሮ ደግሞ እንደ ማሲንቆ ነው፤ ድምፁን ሳብ ያደርጋል፣ ያንሸራትታል። የምስር ለቃሚ ጉሮሮ ፍሬት የለውም።

አሁን ወደ ከባዱ። ልጁ።

ሦስት ምርጫ ሰጥተሽኛል። መተውን ልጀምር። መተው ነውር አይደለም። ግን ራስሽን ጠይቂ፦ እናትሽ ባትመጣ፣ ማንም ባይሰማሽ፣ ከሥራ ደክመሽ ስትገቢ ያን ጊታር ታነሺዋለሽ? መልስሽ «አላነሣውም» ከሆነ ያለ ጸጸት ለልጅሽ መልሺለት። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን መተው የምትፈልጊው ጊታሩን አልመሰለኝም፤ «ገባኝ» ማለቱን ነው።

ከፍሎ ሌላ ሰው መያዝ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጥተው በግል የሚያስተምሩ አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፤ ቅኝት ከስኬል ጋር አጋብተው ሊያሳዩሽ ይችላሉ። የምፈራው ግን አንድ ነገር ነው። እዚያም ሄደሽ «ገባኝ» ትያለሽ። እዚያ ደግሞ በብር ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ልጁን አናግረው ነበር። ከምሳ በፊት አይሁን፤ ከምሳ በኋላ፣ ቡናው ሲቀርብ። ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። «ስማኝማ የኔ ልጅ፤ ገባኝ የምልህ አፍሬ ነው። ያንተ ጥፋት አይደለም። ኪ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው አስረዳኝ። ደግሞ ወረቀቱን ለጊዜው እናቆየውና አንድ ዘፈን ብቻ፣ የእናቴን፣ አብረን እናውጣ።» በቃ። ይቀየመኛል ብለሽ የምትፈሪው ልጅ የሚደሰት ይመስለኛል። በሃያዎቹ ያለ ጊታር ተጫዋች ከሣጥን ይልቅ አንድ ዜማ በጆሮ ማውጣት ነው ደስ የሚለው። የተቀዳውን የእናትሽን ድምፅ ስታሰሚው ዓይኑ ሲበራ ታዪው ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ገባሽ?» ሲልሽ በቃል አትመልሺለት፤ ተጫውተሽ አሳዪው። ጣት አይዋሽም።

ለቡና ጓደኛሽ ቀድመሽ እንዳትነግሪያት። ይሄ በአንቺና በልጁ መሀል ያለ ነገር ነው፤ በሦስተኛ ሰው በኩል ከሄደ ነው ቅያሜ የሚሆነው። ብሩን ደግሞ ተይው፣ ያሳፍረዋል። ዓውደ ዓመት ሲደርስ ለጊታሩ አዲስ ክር ብትገዢለት ግን እምቢ አይልም።

ስለ ልምምዱ ብዙ አልልም። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይሻላል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቀስ ብለሽ፣ ድምፅ በድምፅ። በእያንዳንዷ የጊታር ድምፅ ላይ አፍሽም ይከተል፤ አንጎራጉሪ። ጣትሽ ካመመሽ አቁሚ፤ ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ጫፉ ይጠነክራል። ሰሃን እያጠብሽ የምትሰሚው ነገር ካስፈለገሽ የሮሃ ባንዱን ጊታር ተጫዋች የሰላም ስዩምን እጅ በካሴቱ ዘመን ሥራዎች ላይ ስሚው። ዘፋኙን ተይና ጊታሩን ብቻ ተከተይ፤ የት እንደሚያርፍ ቤቱን ፈልጊ። ይሄ ራሱ ልምምድ ነው፤ ሰሃኑም ያልቃል።

ፋሲካ ሲደርስ «እማ ስሚኝ» ብለሽ መድረክ እንዳታዘጋጂ። ምስሩን ይዛ እስክትቀመጥ ጠብቂ። ጊታሩ አጠገብሽ ይሁን፣ ተቃኝቶ፣ ካፖዋም ኪስሽ ውስጥ። መጀመሪያ ዝም ብለሽ ስሚያት። ስታርፍ ያረፈችበትን ድምፅ በሆድሽ ያዢና ወፍራሙ ክር ላይ ፈልጊው። ስታገኚው ያቺን አንዲት ድምፅ ብቻ፣ እሷ ባረፈች ቁጥር፣ ቀስ ብለሽ ንኪላት። ሌላውን ባትደፍሪ እንኳ ይበቃል። ቀና ብላ ካየችሽ ቀጥዪ።

ከዚያ ጻፊልኝ፤ ስንተኛው ፍሬት ላይ እንዳገኘሻት ማወቅ እፈልጋለሁ።